አስራ ሰባተኛው አበምኔት

ሐሙስ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የኤልስሎው ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ሮብ ቴት እየሮጠ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ሮብ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባንኮኒውን ተደግፎ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅኩት።

«ዋት፣ አንድ አበምኔት ጠፋ» አለኝ።

«የትኛው?»

ለእንግዳ ሰው ይህ ጥያቄ የጤና አይመስልም። እኛ ግን ሠላሳ ሦስት አበምኔቶች ስላሉን መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

«አስራ ሰባተኛው» አለ ሮብ መሬት መሬት እያየ። «የናን።»

ሌላው ሁሉ ጠፍቶ የናን ቢተርፍ እመርጥ ነበር፤ የራሴንም ጨምሮ። የእኛ የተርንቡሎች አበምኔት ሃያ ሁለተኛው ፓትሪክ ነው፤ የገዳሙን ደወል ሸጦ ወይን የጠጣበት። በየዓመቱ ስሙን ስጠራ ከኋላዬ አንዱ መሳቁ አይቀርም።

ገዳሙ ከፈረሰ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የቀሩት ሁለት ግድግዳና አንድ የመስኮት ቅስት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናችን እነሱን ተጠግታ ቆማለች። ነጭ ለባሾቹ መነኮሳት ሲበተኑ የአለቆቻቸውን ስም ለከተማው ሰው አደራ ሰጡ ይባላል፤ ለአንድ ቤት አንድ ስም። እውነት ይሁን ተረት ማንም አይመራመርም። በሴፕቴምበር ሁለተኛው ቅዳሜ ሁላችንም እንሰበሰብና፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በየተራ እየተነሳን የየቤታችንን አበምኔት እንጠራለን። ያገባች ሴት የአባቷን ትታ የባሏን ቤት ትጠራለች። ስም የሌለው ቤት ያን ቀን ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል እንጂ አፉን አይከፍትም። ጨካኝ ልማድ ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ናን ዊንድራም ከባሕሩ ዳርቻ የመጣች ታፔላ ጸሐፊ ናት። የከተማው ሱቅ ሁሉ ስሙን የጻፈችለት እሷ ሆና ሳለ ስምንት ዓመት ከኋላ ተቀምጣለች። እኔንም ያስተማሩኝ መምህር ሙንጎ ቴልፈር በ1961 የድሮ ሰነዶችን አገላብጠው የአበምኔቶቹን ስምና ዘመን በቅደም ተከተል አወጡ። በየቤቱ የነበሩት ሠላሳ ሁለት ስሞች ነበሩ። እሳቸው አንድ ተጨማሪ አገኙ፤ ማይክል የሚባል፣ በ1409 ገዳሙን ለጥቂት ወራት የመራ፣ የሚጠራው ቤት የሌለው። ዝርዝሩን በቤተ ክርስቲያኑ ሰሌዳ ላይ በወርቅ ቅብ የጻፈችው ናን ነበረችና «ይህ ለእሷ ይሁን» አሉ። ከተማውም እሺ አለ። እነሆ ሠላሳ ሰባት ዓመት ናን ከመካከላችን ትነሳና በዚያ በባሕር ሰው ድምፅዋ «ማይክል!» ትላለች።

ኢንስፔክተር ኤልስፔት ጎርሌይ ከዋናው ጣቢያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። ግላስጎው ያደገች፣ ፈጣን፣ ዝናብ ቢመታት ባርኔጣ የማታደርግ ሴት ናት።

«ሟቹ መቼ ነው የሞተው?» አለች ከመኪናው ሳትወርድ።

«በ1409።»

«እንግዲያው ብዙም አልዘገየሁም።»

ሰሌዳው ከመሠዊያው በስተግራ የተሰቀለ፣ ከሰው ቁመት የሚረዝም የኦክ ሳንቃ ነው። ከአስራ ስድስተኛውና ከአስራ ስምንተኛው መካከል ባዶ እንጨት ይታያል። ኢንስፔክተሯ መሰላሉን አስቀርባ ወጣች። ጣቷን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈችና አሸተተች።

«የተልባ ዘይት ነው» አለች። «ዋት፣ ሰው ሰውን ሲጠላ ምን ያደርጋል?»

«ይቧጭራል።»

«ይሄኛው አልቧጨረም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፍቆ አንስቷል፤ የላይኛውና የታችኛው ስም ጫፋቸው አልተነካም። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ እንጨቱ እንዳይደርቅ ዘይት ቀብቶ፣ ፍቅፋቂውን ጠርጎ ሄደ። የጥርስ ሐኪሜ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።» ከዚያ ወደ ክፈፉ ጎንበስ አለች። «እዚህ አቧራው ላይ ደግሞ ክብ ምልክት አለ። የእንቁላል ጫፍ ያህል። አንድ ለስላሳ ነገር ተደግፎበት ነበር።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ምን ሊሆን እንደሚችል ግን አልመጣልኝም።

«ሚስተር ቴት» አለች ስትወርድ፣ «ስሙ በቦታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ነበረ። አበባ የሚያስተካክሉት ሴቶች አይተውታል። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልዘጋ ስመጣ የለም።»

«በመሐሉ አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የናሱን ጽሑፍ ስወለውል።»

ኢንስፔክተሯ ሄደችና በግድግዳው የናስ ሰሌዳ ላይ ጣቷን አሳለፈች። ጥቁር ሆኖ ወጣ። ጣቷን ለሮብ አሳየችው። ሮብ እስከ ጆሮው ቀላና መሰላሉን ለመመለስ ፈጥኖ ሄደ።

በዚህ መሐል ቄስ ሪድፓዝ መጡ። አንድም ነገር ሳይጠይቁ እጄን ያዙኝ። «ዋት፣ መምህር ቴልፈር እንዳይሰሙ። ሐኪሙ ልባቸው የቀረው ትንሽ ነው ብሏል። ለቅዳሜ በጋሪ ወንበር እናመጣቸዋለን። አንድ ነገር ነው የጠየቁኝ፤ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሙሉውን አንድ ጊዜ ልስማ አሉ። ከዩኒቨርሲቲም አንዲት ዶክተር መጥታ ስለ ሥራቸው ትናገራለች። የሰውዬው ዕድሜ ልክ ሥራ ይሄ ሰሌዳ ነው።»

«እስከ ቅዳሜ አንድ ቀን ተኩል አለን» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይሄ ስም ቢጠፋ የሚደሰት ማን ነው?»

ቄሱና እኔ ተያየን። አንድ ሰው ነበር።

ሥጋ ሻጩ ጂም ብሩንተን ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ይዘጋል። ጓሮው ውስጥ ቦት ጫማውን ሲያጥብ አገኘነው። የብሩንተኖች አበምኔት አስራ ስምንተኛው ኒኮል ነው፤ በመምህር ዝርዝር መሠረት ከማይክል ቀጥሎ የተሾመ። ከተማው ነገሩን የራሱ ትርጉም ሰጥቶት ኒኮል ማይክልን አስወጥቶ ነው የተቀመጠው ሲል ኖሯል።

«እኔ ነኝ የምትሉት?» አለ ነገሩን ስንነግረው። «ይገባኛል። ሠላሳ ሰባት ዓመት ልጆቼ ትምህርት ቤት ውስጥ ‹ወንበር ነጣቂ› ሲባሉ ኖረዋል። ባለፈው እግር ኳስ ላይ እንኳ የዚህ ሰውዬ ወንድም» ወደ እኔ ጠቆመ፣ «‹ብሩንተን፣ የማንን ቦታ ይዘህ ነው የቆምከው?› ብሎ ሜዳውን አስቆብኛል።»

«ወንድሜ የሰካራም ቤት ልጅ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ» አልኩት።

«ዛሬ ከሰዓት የት ነበርክ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ወንዝ። አሣ ሳጠምድ።»

«ስንት ያዝክ?»

«ምንም።»

«ያየህ ሰው አለ?»

ጂም ቦት ጫማውን አስቀመጠና አንገቱን አከከ። «አለ። ባላየኝ በወደድኩ። የወንዝ ጠባቂው ነው፤ ፈቃድ አልነበረኝም። ከስምንት ተኩል እስከ አስር ተኩል ድረስ ስንጨቃጨቅ ነበር። ጠይቁት፤ ዘንጌን ወስዶብኛል።» ከዚያ ድምፁ ለስለስ አለ። «ደግሞ ስሙኝ። የኒኮልን ስም አጠፉ እንጂ ናን ምን አደረገችኝ? ሚስቴ ስትታመም ሦስት ሳምንት ልጆቼን አብልታ ያሳደረችልኝ እሷ ናት። የናንን ስም የሚነካ ሰው ብታገኙት መጀመሪያ ለእኔ አሳዩኝ።»

የወንዝ ጠባቂው በስልክ ቃል በቃል አረጋገጠልን። ዘንጉን እንደማይመልስም ጨመረ።

ዓርብ ጠዋት ሮብ ቤት ሄድን። ሚስቱ ሻይ ልታፈላ ወደ ውስጥ ስትገባ ጠብቆ ተንሾካሾከ።

«አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ዳንስ ስማር።»

«ምን ስትማር?» አልኩት።

«ዳንስ ነው ያልኩህ! የልጅ ልጄ በሚቀጥለው ወር ታገባለች። ‹አያቴ ከእኔ ጋር ይደንሳል› ብላ ለሙሽራው ወገን ሁሉ ተናግራለች። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ተደግፌ ነው የኖርኩት። ሚስቴን ላስደንቃት ብዬ ነው፤ እንዳትነግሩብኝ።»

አስተማሪዋና ስድስት አዛውንቶች መሰከሩለት። አንደኛዋ የተረገጠ እግሯን እንደ ማስረጃ አሳየችን። ስለዚህ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት ነበር፣ ማንም አልነበረበትም፣ እኛም እጃችን ላይ ምንም የለም።

«የተጎዳችውን እስካሁን አላነጋገርናትም» አለች ኢንስፔክተሯ።

ለማዘግየት የሞከርኩት እኔ ነበርኩ። ናንን አይቼ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

የናን የሥራ ቦታ ከወንዙ ማዶ ያለ አሮጌ ጋጣ ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ቢሆንም አሁንም ትሠራለች። ስንገባ የመጠጥ ቤት ታፔላ ላይ ተጎንብሳ ነበር፤ በግራ እጇ ጫፉ በለስላሳ ቆዳ የተጠቀለለ ረጅም በትር ይዛ፣ ጫፉን ታፔላው ላይ ደግፋ፣ ቀኝ እጇን በበትሩ ላይ አሳርፋ ትጽፋለች። ፊደሉን እስክትጨርስ ቀና አላለችም።

«ሰምቻለሁ» አለች። «መምህር ሰሙ?»

«አልሰሙም፣ አክስቴ ናን» አልኳት፤ ባንዛመድም ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራት እንዲህ ነው።

«ተመስገን።» ብሩሹን ጠረገች። «ለቅዳሜ አታስቡ። ከኋላ እቀመጣለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ኢንስፔክተሯ ግን ክፍሉን ቀስ ብላ ትቃኛለች።

«ማን ሊያደርገው ይችላል ትያለሽ?»

«የሚጠላኝ ሰው የለም። ቢኖርም አልነገረኝም።»

«ማይክልን የሚጠላስ?»

«እሱን ማን ያውቀዋል?» አለች ናን፤ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሽው ብሎ አለፈ። «ሻይ ልስጣችሁ?»

አንጠጣም ብለን ወጣን። ኢንስፔክተሯ ድልድዩ መሐል ላይ ቆመች።

«ጠረጴዛዋ ላይ ቡናማ ፖስታ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ማኅተም ያለበት። አየኸው?»

«አላየሁም።»

«አንተ መስኮት ስታይ ነበር። በትሩንም አላየኸውም ማለት ነው።»

«በትሩንስ አይቻለሁ። ስትጽፍ እጇን የምታሳርፍበት ነው። ልጅ ሆኜም አውቀዋለሁ።» ይህን ብዬ ሳልጨርስ በክፈፉ አቧራ ላይ ያለው ክብ ምልክት ፊቴ መጣ። «አይሆንም» አልኩ። «አይሆንም ኢንስፔክተር! ናን የራሷን ስም? ያንን ስም እኮ ነው ያላት። ከእሱ ሌላ እዚህ ከተማ ምንም የላትም!»

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው። በል፣ ፖስታው ከየት እንደመጣ እንጠይቅ።»

ቄስ ሪድፓዝ አፈሩ። ዶክተር ሺና ማክአስኪል ቅዳሜ የምታደርገውን ንግግር ባለፈው ሳምንት አስቀድማ ልካላቸው ነበር። «ሳላነበው ለናን ሰጠኋት» አሉ። «የፕሮግራሙን ካርድ እሷ ስለምትጽፍ ርእሱን ከውስጥ ትውሰድ ብዬ። እውነቱን ልናገር፣ ሠላሳ ገጽ ነው።»

ዶክተሯን በስልክ አገኘናት። ኢንስፔክተሯ እኔም እንድሰማ ቀፎውን መካከላችን ያዘችው።

«ዝርዝሩ ድንቅ ሥራ ነው» አለች ዶክተሯ። «አንድ ትንሽ ስህተት ብቻ አለች፤ ንግግሬ ውስጥም በቀልድ መልክ አንስቻታለሁ። አስራ ሰባተኛው አበምኔት የሚባል ሰው አልነበረም።»

«እንዴት አልነበረም?»

«ሦስት ሰነዶች አሉ፤ ሦስቱም በ1409 የተጻፉ። የፌብሩዋሪውን ያተመው ማይክል ነው፣ የጁኑን ኒኮል፣ የዲሴምበሩን እንደገና ማይክል። ሚስተር ቴልፈር ይህን አይተው ሁለት ማይክሎች ነበሩ አሉ፤ አንዱ ከኒኮል በፊት፣ አንዱ በኋላ፤ አስራ ሰባተኛውና አስራ ዘጠነኛው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ስኮትላንድ ውስጥ ዓመቱ የሚለወጠው በጃንዋሪ አልነበረም፤ ማርች ሃያ አምስት ቀን ነው። ስለዚህ የ1409 ፌብሩዋሪ የሚመጣው ከዲሴምበሩ በኋላ ነው፤ የዓመቱ መጨረሻ ላይ። ስታስተካክሉት መጀመሪያ ኒኮል፣ ከዚያ ማይክል። ያው አንድ ማይክል፣ አስራ ዘጠነኛ የተባለው። ቀላል ስህተት ናት፤ ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታታል።»

ኢንስፔክተሯ አመስግና ዘጋች። ከዚያ አየችኝ።

«ምነው ፊትህ ተለወጠ?»

«ምንም» አልኩ። ዋሽቻለሁ። አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ግን ናን ራሷ እስክትናገር ልይዘው ወሰንኩ።

ተመልሰን ስንገባ ናን ሻዩን አፍልታ፣ ሦስት ስኒ ደርድራ ትጠብቀን ነበር።

«በትሩ ነው ያጋለጠኝ አይደል?» አለች። «አቧራውን መጥረግ ነበረብኝ። ሮብ ይጠርገዋል ብዬ ነው። መቼ ጠርጎ ያውቃል!»

«ንግግሩን አነበብሽው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አነበብኩት።» ተቀመጠች። «ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ‹ደጉ ሚስተር ቴልፈር ከባዶ አንድ መነኩሴ ወለዱ› ትላለች፤ ሰው እንዲስቅ። ከተማው ይስቃል። ብሩንተን ደግሞ እስከ ገና ይስቃል። እሳቸው በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ሆኖ፣ ይሰማሉ። በሰማንያ አንድ ዓመታቸው! ሚስት አላገቡ፣ ልጅ አልወለዱ፤ ያላቸው ያ ዝርዝር ነው። ስህተቱ ሰሌዳው ላይ ከሌለ አትናገረውም ብዬ አሰብኩ። አንድ ባለጌ ቧጠጠው ይባላል፤ ሰው ያዝናል እንጂ አይስቅም። ፍቅፋቂውን በፖስታ አስቀምጬዋለሁ፤ ወርቅ ነውና ለቤተ ክርስቲያን ይመለስ።»

«የራስሽን ስም እኮ ነው የፋቅሽው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የእኔ አልነበረማ! በስህተት የመጣልኝ ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ተበደርኩት፤ በቂ ነው።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ዋት፣ እሰሩኝ ካላችሁ እሰሩኝ። እሳቸው ግን ስህተት መሥራታቸውን እንዳያውቁ። ይሄን ብቻ።»

አሁን መናገር ነበረብኝ።

«አክስቴ ናን፣ አንቺ እዚህ ትምህርት ቤት አልተማርሽም። እኔ ተምሬያለሁ። መምህር በየዓመቱ ማርች ሃያ አምስት ቀን ጠዋት ክፍል ሲገቡ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ‹ልጆች፣ እንኳን አደረሳችሁ› ይላሉ። ከዚያ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ከረሜላ። ‹ለመነኮሳቱ ዛሬ አዲስ ዓመት ነው› ይሉን ነበር። እኔ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሮብ ያውቀዋል፣ ብሩንተን እንኳ ያውቀዋል። ያን ስህተት በዚች አገር ላይ አንድ ሰው ሊሠራው አይችልም ከተባለ መምህር ናቸው።»

ናን ስኒዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ለምን?» አለች።

«ተነሱ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ድምጿ እንደ ፖሊስ አልነበረም። «እሳቸውን እንጠይቅ።»

መምህር ቴልፈር መስኮት አጠገብ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ገዳሙ ከዚያ ይታያል። እኔና ኢንስፔክተሯ ስንገባ ናን በሩ ላይ ቀረች።

«ዋት ተርንቡል» አሉ። «ወንጀለኛ አጣህና እኔን ልትይዝ መጣህ?»

«አንድ ጥያቄ አለኝ፣ መምህር። ፌብሩዋሪ 1409 ተብሎ የተጻፈ ሰነድ በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው?»

«በስምንት ዓመትህ ታውቀው አልነበረም? 1410 ነዋ። ዓመቱ የሚለወጠው...» ድንገት አቆሙ። ዓይናቸው ከእኔ ወደ ኢንስፔክተሯ፣ ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። ናንን አዩ።

«ሚስ ዊንድራም» አሉ፣ «ማን ነገረዎት?»

«ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወረቀት ላይ አነበብኩት። ከሰሌዳው ላይ ፋቅኩት፣ መምህር። ተሳስተዋል ብዬ። እንዳይስቁብዎት ብዬ።»

«አይ፣ አልተሳሳትኩም።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በዕድሜዬ የጻፍኩት ውሸት እሱ ብቻ ነው። አውቄ ነው የጻፍኩት።»

«ታዲያ ማይክል...»

«ሰውዬው አልነበረም፣ ናን። አንቺ ግን ነበርሽ። ስምንት ዓመት ከኋላ ስትቀመጪ አየሁሽ። ሁሉም ሲጠራ ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሠላሳ ሁለቱንም በቃልሽ ታውቂያቸው ነበር። መንገዱ እኮ ቀላል ነበር። ‹አግቢኝ፣ የእኔን አበምኔት አብረሽኝ ጥሪ› ማለት ነበረብኝ። እናቴ ታማ ነበር፣ ያም ምክንያት ሆነኝ፤ እውነቱ ግን ፈራሁ። መጠየቅ ስለፈራሁ አበምኔት ፈጠርኩ።»

ናን ክፍሉን አቋርጣ አጠገባቸው ተንበረከከች። ለጉልበቷ ቀላል አልነበረም።

«አንተ ሞኝ» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። «አንተ ሞኝ ሰውዬ። እሺ እልህ ነበር እኮ።»

«አሁንስ?» አሉ መምህር።

ኢንስፔክተሯ ክንዴን ጎትታ ደረጃው ላይ አወጣችኝ። እዚያ ተቀምጣ መሐረብ ስትፈልግ አጣች፤ የእኔን ሰጠኋት። «መዝገቡ ላይ ምን ልጻፍ?» አልኳት። «ሰሌዳውን የጻፈችው ባለሙያ እርማት አደረገች፤ ከሳሽ የለም፤ ተዘግቷል ብለህ ጻፍ» አለች። ቄስ ሪድፓዝም በዚያው ተስማሙ። ማታውኑ መምህር ለዶክተር ማክአስኪል ራሳቸው ደውለው ስህተቱ ስህተት እንዳልነበረ ነገሯት። ንግግሯን ሌሊቱን እንደገና እንደጻፈችው በኋላ ሰማሁ።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ከተማው በአንድ ቀን ሁሉንም ነገር ሰምቷል፤ እኔ አልተናገርኩም፣ ሮብ ግን ምላሱ ከእግሩ ይፈጥናል። መምህር በጋሪ ወንበራቸው ከፊት ተቀምጠዋል። ናን አጠገባቸው ናት። ሕጉ ለመጋባት ሁለት ሳምንት ያስጠብቃል፤ ብሩንተን «ሳይጋቡ እንዴት...» ብሎ ሊጀምር ሲል ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው።

ከአንደኛው ጀምረን ወረድን። ስምንተኛው ተጠራ፤ ቀጥሎ የመምህር ቤት ተራ ነው። ናን ብብታቸው ሥር ገብታ አነሳቻቸው፤ መምህር ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። ልባቸው ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። ጠበቅናቸው። ደግመው ሞከሩ፤ ከእሳቸው ቀጭን ድምፅ ጋር ያ የባሕር ሰው ድምፅ ተደርቦ ወጣ።

«አዳም!»

ዶክተሯ ጎኔ ነበረች። «ሴትየዋ ማን ናቸው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የዘጠነኛው ቤት ናት» አልኳት።

ኦክቶበር ላይ ቄሱ እዚያው መስኮት አጠገብ አጋቧቸው፤ ሮብም ደነሰ። መምህር ክረምቱን ሳይሻገሩ አረፉ። በሚቀጥለው ሴፕቴምበር ስምንተኛው ከተጠራ በኋላ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ናን ጥቁር ለብሳ ከፊት ወንበር ብቻዋን ተነሳችና የባሏን ቤት ጠራች።